ናሙና አንድ

“ብሩሹን እንደ ማንኪያ አትጨብጡት! እንደ ሠዓሊ ያዙት፣ እንደ ሠዓሊ!”

ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። ሃያ ሁለቱ ተማሪዎች ነጭ ጋውናቸውን እንደ ለበሱ በየሸራው ፊት ተገትረው፣ ሠዓሊ ብሩሽ እንዴት እንደሚይዝ ከጎረቤታቸው ሊኮርጁ እርስ በርስ ይተያያሉ። የሚኮረጅለት ጎረቤት ግን የለም። ሦስት ዓመት በተማሩበት ኮሌጅ ወደዚህ ክፍል ሲገቡ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። እስከ ትናንት ድረስ ክፍሉ የተሰበረ ወንበርና የማይሠራ ኮምፒውተር ማጎሪያ ነበር። ትናንት ከሰዓት ያ ሁሉ ኮተት ተግዞ ከሕንጻው ጀርባ ተቆለለና ላስቲክ ለበሰ፤ በምትኩ ከኢንተርኔት የወረዱ የአበባ ማስቀመጫ ሥዕሎች በትልቁ ታትመው ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ የአንድ ተማሪ ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል።

የጥርስ ሥራ ትምህርት ክፍል ኃላፊዋ በሩ ጋ ስትደርስ አፍንጫዋን ያዘች።

“ምንድን ነው የሚሸተው?”

“ቲነር ነው፣ ቲቸር” አለች ከፊት የቆመችው ተማሪ። ሁልጊዜ ከክፍሉ አንደኛ ስለምትወጣ ስሟ ተረስቶ “አንደኛዋ” እየተባለች የምትጠራ ልጅ ናት።

“ማንም ቀለም ሳይነካ ቲነሩ ከየት መጣ?”

አንደኛዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ዳይሬክተሩ ናቸው ያስረጩት። ሲሠራበት የከረመ እንዲመስል።”

ኃላፊዋን መጀመሪያ ሳቅ አፈናት። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። ያቅለሸለሻት ቲነሩ ይሁን ነገሩ መለየት አልቻለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ጥርስ ደግሞ እንደ ብሎን በልክ ብቻ የሚሠራ ዕቃ አይደለም፤ ሰው የሚስቅበት፣ የሚቆጣበት፣ ልጁን የሚጠራበት ነገር ነው። በዚህ የተነሳ የማሠልጠኛ ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ተማሪ ስልሳ ሰዓት ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ከተማረ ብቻ ነው። ኃላፊዋ ራሷ በተማሪነቷ እዚሁ ክፍል ውስጥ አንዲት ክራንቻ ጥርስ አርባ ጊዜ ሥላ፣ ከዚያም ከሳሙና ፈልፍላ ነው ያለፈችው። ከሦስት ዓመት በፊት ጥርስ የሚነድፍና የሚፈለፍል ማሽን ሲመጣ ግን ዳይሬክተሩ “ከእንግዲህ የሚሥለው ማሽኑ ነው” አለና ክፍሉን አስቆለፈው። የሥዕል መምህሩንም ንብረት ክፍል አስገባቸው። ስልሳው ሰዓት ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። ወረቀት ምን ቸገረው፤ የጻፉበትን ይሸከማል።

ዛሬ ደግሞ የጥራት ኮሚቴ ይመጣል። የዘንድሮው ግምገማ ኪነ ጥበብ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ትምህርት ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንዳገኘ ለማየት ነው። ግርግሩ ሁሉ ለዚህ ነው።

ኃላፊዋ ንጹህ ነኝ አትልም። በመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤ ጻፈች። በሁለተኛው ዓመት በቃል ጠየቀች። በሦስተኛው ዓመት ለመደችው። መጥፎ ሽታ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው ከጊዜ በኋላ አይሸተውም፤ የሚሸተው እንግዳ ሲመጣ ነው።

“ደረስሽ?” አለ ዳይሬክተሩ ወደ እሷ ዞሮ። “ሪፖርቱ ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ አለ። ከምሳ በፊት ፈርሚበት፤ ኮሚቴው ይዞት ይሄዳል።”

“የምን ሪፖርት?”

“ስልሳው ሰዓት መሰጠቱን የሚያረጋግጠው ነዋ። ያለ ክፍል ኃላፊ ፊርማ አንቀበልም ብለዋል።”

“ሰዓቱ እኮ አልተሰጠም።”

“ይሰጣል። ለሚቀጥለው ዓመት አስበንበታል።” ፈገግ አለላት። ዳይሬክተሩ ፈገግታውን ይወደዋል። ከላይ በግራ በኩል ያለች አንዲት ጥርሱ ዞር ብላ ጎረቤቷ ላይ ወጣ ብላለች፤ እሱ ግን እንደ ጌጥ ነው የሚያያት። ኮሌጁ መግቢያ ላይ የተሰቀለው ትልቁ ፎቶው እንኳ ያቺ ጥርስ እንድትታይ ተብሎ ከግራ በኩል ነው የተነሳው።

ከክፍሉ ጥግ አንድ ሽማግሌ ቀለም ያልነካው አዲስ ሽርጥ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጋሽ ላጲስ ናቸው፤ የቀድሞው የሥዕል መምህር፣ የአሁኑ ንብረት ጠባቂ፣ ለዛሬ ጠዋት ብቻ ደግሞ እንደገና የሥዕል መምህር። ላጲስ የተባሉት ላጲስ ስለሚጠሉ ነው። በትምህርት መጀመሪያ ቀን የተማሪውን ላጲስ ሁሉ በቆርቆሮ ሰብስበው ይቆልፉበት ነበር። “ላጲስ የያዘ ሰው አያይም። ብሳሳት አጠፋዋለሁ ብሎ ይተማመናል” ይሉ ነበር።

“ጋሼ፣ እርስዎም እዚህ ቲያትር ውስጥ ገቡ?” አለቻቸው ጎንበስ ብላ።

“ታዘዝኩ፣ ልጄ። ለጡረታዬ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ተቀመጥ ሲሉኝ ተቀመጥኩ።” የሽርጡን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው አንስተው አሳዩዋት። “ዋጋውን የለጠፉበትን ወረቀት እንኳ አላነሱለትም። ተመልከች።”

አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ አዳራሹ ተነዳ። መድረኩ ላይ “ኪነ ጥበብ ለሳይንስ፣ ሳይንስ ለኪነ ጥበብ” የሚል ጨርቅ ተወጥሯል። ከሥሩ ስምንት አረጋውያን በስምንት ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ ታዳሚው አዙረው ተደርድረዋል። ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ፈተናቸው በቡድን በቡድን ሆነው በነጻ ጥርስ የሠሩላቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉም የላይኛው ጥርሳቸው አልቆ የነበረ ነው። ከጫፍ የተቀመጠችው የኃላፊዋ እናት ናት።

እናቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ኃላፊዋ መድረኩ ጋ ሄዳ የእናቷን ቀሚስ የምታስተካክል መስላ ሹክ አለቻት።

“እማዬ፣ እጅሽን አውርጂው።”

“ተዪኝ።”

“ሁለት ወር ሞላሽ እኮ። አሁንም አልለመድሽውም?”

“ጥርስ ባዳ ነው ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ” አለች እናቷ ከእጇ ሥር። “እንዲህ የለየለት ባዳ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ስስቅ ሌላ ሰው ነው የሚስቀው።”

“ልክ ነው ስልሽ! ራሴ ለክቼዋለሁ። ድድሽ ላይ እንደ ጓንት ገጥሟል።”

“ገጥሟል። ማን አልገጠመም አለሽ?”

ይህ ክርክር እቤትም የተለመደ ነው። እናትየው ጥርሱን ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጣ ሾርባዋን በድዷ ትጠጣለች፤ ልጅየው ትቆጣለች። እናትየው በወጣትነቷ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ነበረች። “አባትሽ ያገባኝ በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ ነው” እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ስታስቅ የኖረች ሴት ናት። ጥርሷ አልቆ እንኳ ትስቅ ነበር። ሳቋን ያቆመችው ጥርስ ከተሠራላት በኋላ ነው። ልጇ ግን ይህን የእርጅና ብስጭት ነው ብላ አለፈችው፤ ባለሙያ ናትና የለካችውን ታምናለች።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ ቀጭን፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ከ“እሺ” ሌላ የማትናገር ሴት ናት። ዳይሬክተሩ ንግግሩን ጀመረ። ስለ ፈጠራ፣ ስለ ዓይንና ስለ እጅ ቅንጅት፣ ማሽን የሰውን ነፍስ ሊተካ ስላለመቻሉ ተናገረ። እያንዳንዱ ቃል ጋሽ ላጲስ ያኔ ክፍሉ እንዳይዘጋ ከጻፉት ማመልከቻ የተቀዳ ነው። ኃላፊዋ ማመልከቻውን ስለምታውቀው ቃል በቃል ለየችው። የሰውየውን ክፍል ዘግቶ፣ የሰውየውን ቃል ሰርቆ፣ በሰውየው ፊት ሲያነበው ድምጹ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አይ ድፍረት! አጠገቧ የተቀመጡት ጋሽ ላጲስ ቀና አላሉም። የፕሮግራሙን ወረቀት ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አድርገው በአጭር እርሳስ የሆነ ነገር ይሞነጫጭራሉ።

“አሁን ደግሞ” አለ ዳይሬክተሩ “እናቶቻችንና አባቶቻችን የልጆቻችንን የጥበብ ውጤት ያሳዩናል። እስቲ ፈገግ በሉልን!”

ሰባቱ ፈገግ አሉ። ፎቶ አንሺው ተጠጋ። ስምንተኛዋ፣ እናትየው፣ እጇን አላወረደችም። ዳይሬክተሩ እየሳቀ ወደ እሷ መጣ።

“እማማ፣ ምነው? ጥርስዎ ይታይልን እንጂ! አይፈሩ!” አለና የእጇን አንጓ ይዞ ከአፏ ላይ አወረደው። ቀስ ብሎ ነው፣ በአክብሮት የሚመስል ነው፣ ግን አወረደው። አውርዶም ፎቶው እስኪነሳ ያዘው። እናትየው ከንፈሯን መግጠም አቃታትና ጥርሷ ታየ።

ኃላፊዋ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ ቀረች። አንገሸገሻት። በሰው ፊት እናቷን ያራቆቷት ያህል ተሰማት፤ ያራቆተው ደግሞ ሕዝቡ እንዲያጨበጭብለት እየጠበቀ ነው። ተጨበጨበለትም።

ተመልሳ ስትቀመጥ ጋሽ ላጲስ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኖሩላት። በሁለት ረድፍ የተሣሉ አፎች ናቸው። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ አፍ ብቻ።

“አንድን ሰው ለምን ስምንት ጊዜ ሣሉት?” አለች በሹክሹክታ።

“እኔ ስምንት ሰው ነው የሣልኩት።”

ወረቀቱን አየች። ከንፈሮቹ ይለያያሉ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ የተጨማደደ፣ አንዱ ጢም ያለበት። ጥርሶቹ ግን አንድ ናቸው። በሁሉም አፍ ከላይ በግራ በኩል ያለች አንዲት ጥርስ ዞር ብላ ጎረቤቷ ላይ ወጣ ብላለች። ቀና ብላ መድረኩን አየች። ከመጀመሪያው ወንበር ጀምራ አንድ በአንድ አየች። የመኪና ሜካኒክ የነበሩት አባት፣ መንታዎቹ እህትማማቾች፣ ጡረታ የወጡት ነርስ፣ ሁሉም በአንድ ሰው አፍ ይስቃሉ። እናቷም።

ጋሽ ላጲስ ጎንበስ ብለው ከስምንቱ ሥር ዘጠነኛ አፍ ጨመሩ። በዚህኛው ላይ ከንፈሩ ወጣት ነው፤ ጥርሱ ያው ነው። ከዚያ በእርሳሳቸው ጫፍ ወደ ድምጽ ማጉያው ጠቆሙ። ዳይሬክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ በግራ በኩል ዞር ብሎ፣ ለፎቶ እየሳቀ ነበር።

ኃላፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። እናቷ ስታደርግ ያየችውን እንዳደረገች ያወቀችው ቆይታ ነው።

ንግግሩ ሳያልቅ አንደኛዋን በክንዷ ይዛ ወደ ቤተ ሙከራው ወሰደቻት።

“የስምንቱን ሰዎች ንድፍ ክፈቺልኝ።”

አንደኛዋ ከፈተች። ስምንት ድድ ስክሪኑ ላይ ተደረደረ፤ ቁመቱ፣ ስፋቱ፣ ጥልቀቱ እየተለካ ተጽፎበታል። የእያንዳንዱ ድድ ይለያያል። ከሥር ግን “የፊት ጥርስ ቅርጽ” በሚለው ሳጥን ውስጥ በስምንቱም ላይ የተጻፈው አንድ ነው። ናሙና አንድ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የቅርጽ ፋይል ነው። የጥርስ ቅርጾቹ ስብስብ የአገልግሎት ጊዜው አልፎ ተዘጋብን፣ ቲቸር። ማሽኑ ላይ የሚከፈት ይሄ ብቻ ነበር።”

ኃላፊዋ ፋይሉን ታውቀዋለች። ማሽኑ የተመረቀ ዕለት ለሙከራ የተነሳ አፍ ነው። “ዳይሬክተር፣ ይክፈቱት፤ ሰፋ አድርገው” እያለች ካሜራውን የያዘችው እሷ ራሷ ናት።

“ሁላችሁም በዚህ ሠራችሁ?”

“ለሁሉም ይገጥማል እኮ! ማሽኑ ስምንቱንም አረንጓዴ ሰጥቷቸዋል።”

“አንድ ዓይነት መሆናቸውን ግን አላየሽም?”

“ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም!” አለች አንደኛዋ፤ እውነቷን ነበር። “እኔ የማየው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩ ደግሞ የእያንዳንዱ የተለያየ ነው።”

“ፊታቸውንስ?”

“ፊት... ፊት አይጠየቅም፣ ቲቸር። የመመዘኛው ቅጽ ላይ የለም።”

ቅጾቹን አገላበጠች። ስምንቱም ላይ “አልፏል” ተብሎ ተፈርሟል። ፊርማው የእሷ ነው። በገዛ እናቷ ቅጽ ላይ ሳይቀር የሰውየውን ጥርስ አፏ ውስጥ ተክላ፣ “አልፏል” ብላ፣ ቀን ጽፋበታለች። ዳይሬክተሩን ስትጸየፍ ያረፈደች ሴት አሁን ራሷን ተጸየፈች፤ ይኼኛው ደግሞ ከዚያኛው ይብሳል፣ አፍንጫ ይዘው አያልፉትም።

የጋሽ ላጲስን ወረቀት አንደኛዋ ፊት ጥላላት ወጣች።

ዳይሬክተሩን ቢሮው ውስጥ ክራቫቱን እያላላ አገኘችው። ነገረችው። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ስልኩን አውጥቶ በካሜራው የገዛ ጥርሱን አየ፤ ከዚያ ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ።

“ታዲያ መጥፎ ጥርስ ነው?”

“ምን አሉ?”

“በነጻ እኮ ነው ያገኙት። ሰው ለእንዲህ ዓይነት ጥርስ ስንት ይከፍላል! እንዲያውም ዕድለኞች ናቸው።” ሳቁን ጨርሶ ሪፖርቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። “በይ አሁን ፈርሚ። ሌላውን ቀስ ብለን እናስተካክላለን።”

“የተማሩት ነገር የለም። ስምንት ሰው ፊት ላይ አንድ ጥርስ ለጥፈው አንዳቸውም አላዩትም። እኔም አላየሁትም።”

“ስሚኝ፣ እህቴ።” ድምጹ ለሰለሰ። ዳይሬክተሩ የሚያስፈራው ሲጮህ ሳይሆን ሲለሰልስ ነው። “አልፈርምም ብትዪ ፈቃዱ ይታገዳል። ልጆቹ ሦስት ሳምንት ነው የቀራቸው ለምረቃ። ሃያ ሁለት ልጅ፣ ሃያ ሁለት ቤተሰብ። ሥራ ያገኙም አሉ። የእነሱን እንጀራ በሥዕል ልትቆርጪ ነው? በአበባ ማስቀመጫ?”

ይህ ቃል ገባት። ስለ ልጆቹ ያለው እውነት ነው፤ ውሸታም ሰው ያለችውን አንዲት እውነት የት እንደሚያስቀምጣት ያውቃል። አንደኛዋ ሥራ አግኝታለች፤ ወንድሞቿን የምታሳድግ እሷ ናት። ኃላፊዋ ሪፖርቱን አነሳች። “ለሥዕልና ለቅርጻ ቅርጽ ትምህርት የተሰጠ ጠቅላላ ሰዓት፦ 60” ይላል። ከሥሩ የፊርማዋ ቦታ ባዶ ነው።

በሩ ተንኳኳ። እናቷ ነበረች፤ ጸሐፊዋ ልታስቆማት እየሞከረች ከኋላዋ ቆማለች። እናትየው እጇ ላይ የተጠቀለለ መሐረብ ይዛለች። አፏ ገባ ብሏል፤ ጥርሱ የለም። ከአዳራሹ ስትወጣ ጋሽ ላጲስን “ሥዕሉ ምን ነበር?” ብላ ጠይቃቸው፣ እሳቸውም መዋሸት ስለማይችሉበት ነግረዋታል።

ልጇን አላየቻትም። በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ሄደች፤ መሐረቡን ፈታችና ጥርሱን ሪፖርቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

“ጥርስህ ነው አሉኝ፣ ልጄ” አለችው በድዷ፣ ቃሉ እየሾለከባት። “ውሰደው። እኔ የሰው ዕቃ ይዤ አላውቅም።”

ዳይሬክተሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ጥርሱ ምራቅ እንደ ነካው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በግራ በኩል ይስቅበታል። ሰውየው የገዛ ፈገግታውን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አጨማደደ። “ይሄን ነገር... ከዚህ አንሱልኝ” አለ መሐረቡን በብዕር ጫፍ እየገፋ።

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አወጣች። “60” የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ሥር ያለው ቁጥር እንዲነበብ አድርጋ ነው የሰረዘችው። ከጎኑ “0” ጻፈች። ፈረመች።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለ ዳይሬክተሩ።

“ያየሁት ነው።”

“ከነገ ጠዋት ጀምሮ የክፍል ኃላፊ አይደለሽም። ገብቶሻል?”

“ገብቶኛል። ከነገ ጠዋት ጀምሮ።”

ወረቀቱን ራሷ ይዛ ወደ ኮሚቴው ሄደች። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አስተካክላ አነበበችው። የተሰረዘውን ስልሳ አየች፤ ዜሮውን አየች፤ ኃላፊዋንም አየች። ኃላፊዋ ስለ ጥርሶቹ የነገረቻትን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ከ“እሺ” ሌላ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር ተናገረች። “ስልሳው ሰዓት እስኪሰጥና ስምንቱ ጥርሶች በአዲስ እስኪሠሩ ፈቃዱ ይታገዳል።” ጥሩ አደረግሽ አላለቻትም። ኮሚቴው መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ግቢውን አዳረሰው። ተማሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ ጠበቋት። አንዱ ምርቃቱ ላይ ይገኙልኝ ብሎ ቤተሰቡን ከሩቅ መጥራቱን ተናገረ፤ ሌላው ብሩሹን መሬት ላይ ወረወረ። አንደኛዋ ዓይኗ ቀልቷል።

“ቲቸር፣ ምን በደልንዎት? የታዘዝነውን ነው የሠራነው።”

“እውነትሽን ነው። በደሉ የእኔ ነው።”

“ታዲያ ለምን እኛ እንቀጣለን?”

“በቀን ሁለት ሰዓት ብትማሩ ስድስት ሳምንት ነው” አለች፤ ድምጿ ለራሷም ደካማ መሰላት። አንደኛዋ ፊቷን አዞረች። ሌሎቹም ተከትለዋት ሄዱ። ሲሄዱ ግን ኃላፊዋ አንድ ነገር አየች፤ አንደኛዋ የጋሽ ላጲስን ወረቀት አጣጥፋ በጋውኗ ኪስ ይዛዋለች።

ንብረት ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ጋሽ ላጲስ ሽርጡን አውልቀው፣ ዋጋው ከነተለጠፈበት አጣጥፈው መደርደሪያው ላይ መልሰውታል። እናትየው ካርቶን ላይ ተቀምጣ ታወራቸዋለች። ስለ ፍንጭቷና ስለ ባሏ ነው ወሬው። ልጇ ስትገባ እጇን ወደ አፏ አላነሳችም፤ በባዶ ድዷ እየሳቀች ነበር።

“የዕቃ መጠየቂያ ቅጽ ይስጡኝ፣ ጋሼ።”

“ማን ይፈርምበታል?”

“እኔ ነኛ። እስከ ነገ ጠዋት ፊርማዬ ይሠራል።”

ሽማግሌው ቅጹን አወጡላት። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደግፋ ሞላችው። የልብስ ሳሙና፣ ሃያ ሁለት። እርሳስ፣ ሃያ ሁለት። መቅረጫ ቢላ፣ ሃያ ሁለት። ጋሽ ላጲስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አነበቡት።

“ላጲስ የለበትም” አሉ።

“የለበትም።”

“ልጆቹ የመጀመሪያውን ጥርስ የማንን ያደርጉታል?”

“የእማዬን” አለችና ወደ እናቷ ዞረች። ፍንጭቷን ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ሰፊ ነበረች? ጠባብ? ቀጥ ያለች ነበረች ወይስ ወደ ታች እየጠበበች የምትሄድ? የቱ ጥርስ ይረዝም ነበር? የእናቷ ጥርስ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ ያየቻትን፣ በልጅነቷ ጣቷን እያስገባች የተጫወተችባትን ቀዳዳ ልታስታውስ ሞከረች። የእናቷ ሳቅ ድምጹ መጣላት። ቅርጹ አልመጣላትም።

ሽማግሌው ማህተማቸውን አንስተው ቅጹን ጠበቁ።

“ይቆዩ፣ ገና ነው” አለች። እስክሪብቶዋን አንስታ፣ ሦስቱንም ሃያ ሁለት በአንድ በአንድ መስመር ሰረዘችና ከጎናቸው ሃያ ሦስት ብላ ጻፈች።